የማይል ካርድዎ በእውነት ስንት ያወጣል? የአየር መንገድ ፕሮግራሞችን ለሥራ ተጓዥ ማነጻጸሪያ

«የየትኛው አየር መንገድ ማይል (በመብረር የሚጠራቀም፣ በኋላ ትኬት የሚገዛ ነጥብ) ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ፈጥኖ የሚመልስ ሰው፣ ሳያውቀው የሚናገረው ስለ ራሱ ጉዞ ነው። በዓመት ደጋግሞ ጓንዡ የሚመላለስ የልብስ ነጋዴ፣ መሥሪያ ቤቱ ትኬት ቆርጦ ለስብሰባ ናይሮቢና ጄኔቫ የሚልከው ባለሙያ፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ እየተመላለሰ ድርጅት የሚያስተዳድር ዲያስፖራ፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ካርድ ቢይዙም የሚያገኙት ጥቅም በጣም ይራራቃል። ስለዚህ ንጽጽሩ የሚጀመረው ከአየር መንገዶቹ ማስታወቂያ ሳይሆን ከእርስዎ የትኬት ደረሰኝ ነው።

ለሥራው ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን የየትኛውን አየር መንገድ ቁጥር ትኬትዎ ላይ እንደሚያስገቡ ማንንም መጠየቅ አይኖርብዎትም።

ደረጃ 1፦ ያለፈውን ዓመት ትኬቶች ይሰብስቡ

ኢሜይልዎን ይክፈቱና የአንድ ዓመት ትኬቶችን ያውጡ። በወኪል በኩል የሚቆርጡ ከሆነ ወኪሉ በአንድ ቀን ይልክልዎታል። ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚከተሉትን ይመዝግቡ፦

- ከየት ወዴት እንደበረሩ፣ የትራንዚት ከተማውን ጨምሮ
- አውሮፕላኑን ያበረረው አየር መንገድ (የሸጠው ሌላ ሊሆን ይችላል)
- የትኬት ቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች
- የትኬቱ መደብ ፊደል
- ታክስና የአየር ማረፊያ ክፍያ ሳይጨመርበት ያለው ዋጋ
- ለትርፍ ኪሎ የከፈሉት ገንዘብ፤ በመሄጃም በመመለሻም
- ከፋዩ እርስዎ ይሁኑ ድርጅቱ

ሦስቱ አኃዞች ትኬቱን ያወጣው ማን እንደሆነ ይነግሩዎታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071፣ የኤምሬትስ 176፣ የሉፍታንዛ 220፣ የዩናይትድ 016 ነው። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በሚቀጥለው ደረጃ ይታያል።

የመደቡ ፊደል ደግሞ ብዙ ሰው ዓይቶት የማያውቀው ነገር ነው። በአንድ ኢኮኖሚ ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች ተመሳሳይ ምግብ እየበሉ የተለያየ ፊደል ይዘው ሊሆን ይችላል። ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት ኢኮኖሚ በአብዛኛው በ«ዋይ» ይታወቃል፤ ቢዝነስ በ«ጄ» ወይም በ«ሲ»። ርካሹ ትኬት ግን ከሌሎቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት አንዱን ይይዛል፤ ምን ያህል ማይል እንደሚያስገኝልዎት የሚወስነውም ይኸው ፊደል ነው። ትኬቱ ላይ «ክላስ» ከሚለው ቃል አጠገብ ይፈልጉት።

ደረጃ 2፦ ፕሮግራሙ ማይል የሚሰጠው በርቀት ነው ወይስ በገንዘብ?

አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ አንድ ማይል የበረረ አንድ ማይል ያገኛል። ይህ አሠራር ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዴልታና ዩናይትድ፣ በ2016 ራሱ አሜሪካን፣ በ2018 ደግሞ የአየር ፍራንስና የኬኤልኤም ፍላይንግ ብሉ በተከፈለው ገንዘብ መጠን ወደ መስጠት ዞሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በርካሽ ትኬት ሩቅ የሚበርር ሰው ለአየር መንገዱ ብዙም አያተርፍለትም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ከአዲስ አበባ ጓንዡ በቀጥታ ወደ 5,000 ማይል ነው፤ ደርሶ መልስ 10,000። ትኬትዎ የርቀቱን 50 በመቶ የሚሰጥ ፊደል ቢሆን፣ በርቀት የሚያሰላ ፕሮግራም 5,000 ማይል ይሰጥዎታል። በገንዘብ የሚያሰላ ፕሮግራም ለአንድ ዶላር 5 ማይል ይሰጣል እንበልና፣ ከታክስ በፊት 500 ዶላር ከከፈሉ የሚያገኙት 2,500 ነው። እዚህ ላይ ርቀት አሸነፈ።

አሁን ዱባይን ይውሰዱ። ደርሶ መልሱ ወደ 3,120 ማይል ነው፤ 50 በመቶው 1,560። ድንገት የተጠራ ስብሰባ ስለሆነ ትኬቱን በ700 ዶላር ቆርጠው ከሆነ በገንዘብ የሚያሰላው 3,500 ይሰጥዎታል። እዚህ ደግሞ ገንዘብ አሸነፈ። እንግዲህ ሩቅ ሀገር በርካሽ ትኬት የሚሄድ ነጋዴ በርቀት የሚያሰላ ፕሮግራም ይፈልግ፤ አጭር መንገድ በውድ ትኬት የሚበርር፣ በተለይ ድርጅት የሚከፍልለት ሰው፣ በገንዘብ የሚያሰላው ይበጀዋል።

አሁን ወደ ሦስቱ አኃዞች እንመለስ። ዩናይትድ በራሱ ትኬት፣ ማለትም በ016፣ ለሚጓዝ አባል የሚያሰላው በገንዘብ ነው። ሰውየው በሌላ የስታር አሊያንስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያለበት የአየር መንገዶች ኅብረት) አየር መንገድ አውሮፕላንና ትኬት ተጉዞ ቁጥሩን ለዩናይትድ ቢሰጥ ግን የሚሰላው በርቀትና በፊደል ነው። ሰዉም ወንበሩም አውሮፕላኑም አንድ ሆኖ ትኬቱን ያወጣው ሲለይ ማይሉም ይለያል። ወኪልዎን «ትኬቱን በየትኛው አየር መንገድ ነው የምታወጣልኝ?» ብለው መጠየቅ ምንም አያስወጣዎትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአጋር አየር መንገድ በረራ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገባ ርካሾቹ ፊደሎች 25 በመቶ፣ አንዳንዴም ምንም ላይሰጡ ይችላሉ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ አጋር የፊደል ሠንጠረዥ አለው። ለማነጻጸር ያሰቧቸውን ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራሞች ሠንጠረዥ ከፍተው፣ በደረጃ 1 ከመዘገቧቸው ፊደሎች ጎን መቶኛውን ይጻፉ። አሰልቺው ሥራ ይህ ነው፤ ግን ይህን የዘለለ ሰው የቀረውን ባይሠራው ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የአንዱን ማይል ዋጋ ያውጡ

ስሌቱ አጭር ነው። ሊወስዱት ያሰቡትን ጉዞ የጥሬ ገንዘብ ዋጋ ያግኙ፤ በማይል ሲወስዱት በኪስዎ የሚከፍሉትን ታክስና ክፍያ ይቀንሱለት፤ የቀረውን ለጉዞው በሚጠየቀው ማይል ያካፍሉ። ለምሳሌ ትኬቱ 600 ዶላር ቢሆን፣ በማይል ሲወሰድ 120 ዶላር የሚያስከፍል ቢሆንና 40,000 ማይል ቢጠይቅ፣ 480 ለ40,000 ሲካፈል አንዱ ማይል 1.2 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረው የነዳጅ ወይም «የአየር መንገድ ክፍያ» ነው። አንዳንድ ፕሮግራም «ነፃ ትኬት» ብሎ ሰጥቶ በዚህ ስም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ዩናይትድ ይህን በሽልማት ትኬት (በማይል በሚወሰድ ትኬት) ላይ አይጭንም፤ የአየር ካናዳው ኤሮፕላንም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አንሥቶታል። የሉፍታንዛን ማይልስ ኤንድ ሞር፣ የኤምሬትስን ስካይዋርድስ ወይም የብሪቲሽ ኤርዌይስን የሚያዩ ከሆነ ግን የማይሉን ብዛት ብቻ ዓይተው አይደሰቱ፤ እስከ መክፈያው ገጽ ድረስ ይሂዱ።

ሁለተኛው ራስን ማታለል ነው። 2,800 ዶላር የሚሸጥ የቢዝነስ ክላስ ወንበር በ90,000 ማይልና በ130 ዶላር አገኙ እንበል። ሒሳቡ ወደ 3 ሳንቲም ይጠጋል፤ ያስፈነድቃል። ግን ማይል ባይኖርዎት ኖሮ 2,800 ዶላር ከኪስዎ አውጥተው ቢዝነስ ይቀመጡ ነበር? በ900 ዶላር ኢኮኖሚ ይሄዱ ከነበረ፣ ማይሉ ያዳነልዎት 770 ዶላር ነው፤ ለ90,000 ሲካፈል 0.86 ሳንቲም። ምቾቱ የራሱ ዋጋ አለው፤ እኔም አልንቀውም፤ ነገር ግን ለንግድ ሒሳብ ሲሆን ሁለተኛውን ቁጥር ይያዙ።

ይህን ስሌት በአንድ ጉዞ ብቻ አይሥሩት። በእርግጥ በሚሄዱባቸው ሦስት መንገዶችና በእርግጥ በሚሄዱበት ወቅት ይሞክሩት። ለገና ወይም ለፋሲካ ሰሞን የሽልማት ወንበር ፈልገው ካላገኙ፣ ያ ፕሮግራም በወረቀት ላይ ያለው ዋጋ ለእርስዎ አይሠራም። አየር መንገዶች ለራሳቸው አባላት የሚከፍቱት ወንበር ለአጋር አባላት ከሚከፍቱት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ወንበሩን በራሱ በአየር መንገዱ ፕሮግራም በሼባማይልስም በሌላ ስታር አሊያንስ ፕሮግራምም ፈልጎ ያወዳድር።

ደረጃ 4፦ የደረጃ ካርዱን ጥቅም በገንዘብ ይተምኑ

ብዙ ንጽጽሮች ማይል ላይ ይቆማሉ። ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ግን ዋናው ገንዘብ ያለው እዚህ ነው፤ በኪሎ።

ማይል ሁለት ዓይነት ነው። የሽልማት ማይል ትኬት ይገዛል፤ የደረጃ ማይል ካርድዎን ከሰማያዊ ወደ ሲልቨር፣ ወደ ጎልድ፣ ወደ ፕላቲነም ያሳድጋል። የደረጃ ማይል አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በየዓመቱም እንደ አዲስ ይቆጠራል። ለማነጻጸር ያህል ኤምሬትስ ስካይዋርድስ ለሲልቨር 25,000፣ ለጎልድ 50,000፣ ለፕላቲነም 150,000 የደረጃ ማይል ይጠይቃል። አንዳንድ ፕሮግራም በማይል ፋንታ የበረራ ብዛትም ይቆጥራል፤ አጭር መንገድ ለሚመላለስ ሰው ይህ በር ይቀላል። አንዳንዱ ደግሞ በራሱ አውሮፕላን መብረርን ያስገድዳል፤ ዩናይትድ ለምሳሌ የሌላውን መስፈርት ቢያሟሉም በዓመት ቢያንስ አራት በረራ በራሱ ካልበረሩ ደረጃ አይሰጥም።

ጎልድ ላይ የደረሰ የሼባማይልስ አባል የስታር አሊያንስ ጎልድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኅብረቱን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ነው። ጎልድ የሚሰጠው፦

- ትርፍ ሻንጣ፦ ሻንጣ በቁጥር በሚቆጠርባቸው መስመሮች አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፤ በክብደት በሚቆጠርባቸው 20 ኪሎ
- በየትኛውም ክፍል ቢሳፈሩ ላውንጅ፣ ያውም ከአንድ እንግዳ ጋር
- ቅድሚያ ቼክ-ኢን፣ ቅድሚያ መሳፈር፣ ቀድሞ የሚወጣ ሻንጣ
- ወንበር ሲሞላ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ቅድሚያ

ሲልቨር ከእነዚህ በኅብረቱ ደረጃ የሚሰጠው የመጨረሻውን ብቻ ነው። በራሱ አየር መንገድ ላይ ተጨማሪ ነገር ሊኖረው ይችላል፤ በአጋሮቹ ዘንድ ግን ሲልቨር ከሰማያዊ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ሲልቨር ላይ ለመድረስ ብለው ገንዘብ አያውጡ። ወይ ጎልድ፣ ወይ ምንም።

የኤምሬትስ ካርድ ከዚህ ጋር ሲተያይ፦ በክብደት በሚመዘንባቸው መስመሮች ሲልቨር 12፣ ጎልድ 16፣ ፕላቲነም 20 ተጨማሪ ኪሎ ይሰጣል። ኤምሬትስ በየትኛውም ኅብረት ውስጥ ስለሌለ ግን የደረጃ ካርዱ እንደ ስታር ጎልድ ከሃያ በላይ አየር መንገዶች ጋር አይከበርልዎትም። ለዱባይ ተመላላሽ ይህ አያሳስብም። ከዱባይ አልፎ አውሮፓና አሜሪካ ለሚዞር ያሳስባል።

አሁን ይተምኑ። በደረጃ 1 የጻፉትን የትርፍ ኪሎ ደረሰኝ ይደምሩ። ላውንጁን ባይኖርዎት ኖሮ ለምግብና ለቡና የሚያወጡትን ያህል ብቻ ይተምኑት፤ አየር ማረፊያው በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይውሰዱ፤ ማንም በዚያ ዋጋ በየጉዞው አይገባም። የተጠባባቂ ቅድሚያውን በዶላር ለመመዘን ያስቸግራል፤ ግን ዕቃው ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎ ባለቤቱ ጓንዡ ላይ ወንበር አጥቶ ሁለት ቀን ያደረ ነጋዴ ዋጋውን ያውቀዋል።

አንድ ሙሉ ምሳሌ

በዓመት አራት ጊዜ ጓንዡ፣ ሦስት ጊዜ ዱባይ የምትሄድ ነጋዴ እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ በራስዎ ይተኳቸው።

የምትበርረው ርቀት 40,000 ሲደመር 9,360፣ ማለትም 49,360 ማይል ነው። ሁሉም ትኬቶቿ 50 በመቶ ከሆኑ የምታገኘው 24,680 ነው። አንዱ ማይል 1.2 ሳንቲም ቢያወጣ፣ የዓመቱ ማይሏ ዋጋ ከ300 ዶላር አይሞላም። ይህን ያህል ብቻ ከሆነ የትኛውንም ካርድ ብትይዝ ልዩነቱ እራት የሚያስበላ አይደለም።

ወደ ኪሎው እንሂድ። በየመመለሻው አንድ ትርፍ ሻንጣ ታመጣለች፤ ለአንዱ 150 ዶላር ትከፍላለች እንበል። ሰባት ጉዞ 1,050 ዶላር ነው። ጎልድ ብትሆን ይህ ወጪ ይቀርላታል። በማይሉና በኪሎው መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ጎልድ 50,000 የደረጃ ማይል የሚጠይቅ ፕሮግራም ላይ ናት እንበል። አሁን ባላት ግማሹ ላይ እንኳ አልደረሰችም። ግን የጓንዡ ትኬቷን 100 በመቶ ወደሚሰጥ ፊደል ለማሳደግ በየጉዞው 60 ዶላር፣ የዱባዩን 40 ዶላር ብትጨምር፣ በዓመት 360 ዶላር ከፍላ 49,360 ላይ ትደርሳለች። 640 ይጎድላታል። ለንግድ ትሄድ የነበረ አንድ የናይሮቢ ደርሶ መልስ፣ ርቀቱ ወደ 1,440 ማይል ስለሆነ፣ በ50 በመቶ እንኳ 720 ይጨምርላትና ጎልድ ትገባለች። ከፍ ያለው ፊደል ብዙ ጊዜ ቀን ለመቀየርም ስለሚቀል፣ የ360 ዶላሩ ጥቅም በማይል ብቻ አያበቃም።

ይህ የሚያዋጣት ግን በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው መጠን የምትበርር ከሆነ ነው። ዘንድሮ ዕቃውን በኮንቴይነር ማስመጣት ጀምራ ጉዞዋን ልትቀንስ ካሰበች፣ ጎልዱን የምታገኘው ሳያስፈልጋት ነው። ደረጃ የሚሠራው ከተገኘ በኋላ ላለው ጊዜ መሆኑን አይርሱ። ለደረጃ ብሎ ሥራ የሌለበትን ጉዞ መብረር ደግሞ፣ ትርፍ ኪሎ ለማዳን ትኬት መግዛት ስለሆነ፣ ለጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ደረጃ 5፦ መንገድዎን ከኅብረቶቹ ጋር ያስተያዩ

ዓለም ላይ ሦስት ትልልቅ ኅብረቶች አሉ። በስታር አሊያንስ ውስጥ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ቱርክ፣ ሉፍታንዛ፣ ኢጂፕትኤር፣ ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳና ኤር ቻይና ይገኛሉ። ኳታር ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የዋንወርልድ አባል ነው፤ ነጥቡም ከ2022 ጀምሮ ብሪቲሽ ኤርዌይስም የሚጠቀምበት አቪዮስ ስለሆነ ከእሱ ጋር ይዛወራል። ሳውዲያና ኬንያ ኤርዌይስ በስካይቲም ውስጥ ናቸው። ኤምሬትስ ብቻውን ነው፤ ፍላይዱባይ ግን በእሱው ስካይዋርድስ ይሠራል።

ለቻይና ተመላላሽ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ጓንዡ ላይ ዋናው አየር መንገድ ቻይና ሳውዘርን ነው፤ ከስካይቲም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለወጣ ዛሬ በሦስቱም ኅብረቶች ውስጥ የለም። ከጓንዡ ወደ ሌላ የቻይና ከተማ የሚቀጥሉ ከሆነና ሰዓቱ ከተስማማዎት፣ ኤር ቻይናን ወይም ሸንዘን ኤርላይንስን ይፈልጉ፤ ሁለቱም የስታር አሊያንስ አባላት ስለሆኑ የውስጥ በረራው ማይል ያስቆጥራል፣ የጎልድ ሻንጣም ይከበራል።

አሜሪካ ለሚኖሩ ደግሞ ይህች ትገርማለች፦ የራሱ የዩናይትድ የጎልድ አባል የአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ብቻ ሲበርር በካርዱ ወደ ዩናይትድ ክለብ ላውንጅ አይገባም። የሌላ ስታር አሊያንስ አየር መንገድ ጎልድ፣ የሼባማይልሱም ጭምር፣ ከአንድ እንግዳ ጋር ይገባል። ከዳላስ ዋሽንግተን በዩናይትድ እየበረረ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው፣ የአገር ውስጥ በረራዎቹን ለሼባማይልስ ቢያስቆጥር ለሰፈሩ አየር መንገድ ከሚያስቆጥረው የበለጠ ክብር ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው።

እዚሁ ላይ ለዲያስፖራው የምመክረው፣ ደረጃውንና የሽልማት ማይሉን አንድ ቦታ የመሰብሰብ ግዴታ የለም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ወደ 14,400 ማይል ነው፤ የበረራውን ማይል ደረጃ የሚያገኙበት ፕሮግራም ላይ ያስቆጥሩ። በክሬዲት ካርድ የሚያጠራቅሙትን ነጥብ ግን የሽልማት ወንበር ወደሚያገኙበት ይላኩ። የአሜሪካው የቼዝ ባንክ ካርድ ነጥብ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤሮፕላን ይዛወራል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስም ወደ ኤሮፕላን። በሁለቱም ፕሮግራሞች የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወንበር መያዝ ይቻላል። ነጥቡን ግን ወንበሩን በዓይንዎ ሳያዩ አያዛውሩ፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ደረጃ 6፦ ማይሉ መቼ ይሞታል?

ማይል ጎተራ እንደገባ እህል አይከርምም፤ ይነቅዛል። አንዳንዱ ቀን ተቆርጦለታል። በማይልስ ኤንድ ሞር፣ ደረጃ ወይም የፕሮግራሙ ክሬዲት ካርድ የሌለው አባል ማይል በ36 ወር ያልቃል። የአሜሪካን አድቫንቴጅ ለ24 ወር ምንም እንቅስቃሴ ካላየ ይሰርዛል። የዩናይትድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አያልቅም፤ የዴልታም እንዲሁ።

ቀን ባይቆረጥለትም ዋጋው ይወርዳል። ዩናይትድ ማይል እንዳይሞት በወሰነበት በዚያው ዓመት፣ ለየመንገዱ ስንት ማይል እንደሚጠየቅ የሚያሳየውን ቋሚ ሠንጠረዥ ከድረ ገጹ አንሥቷል። ቋሚ ሠንጠረዥ ሲጠፋ ዋጋው እንደ ትኬት ዋጋ በየቀኑ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በተግባር መውጣቱ ይበዛል። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚበርር ሰው የማያልቅ ማይል ይሻላል። ብዙ የሚበርር ግን ስለ ማለቂያው ከመጨነቅ ቶሎ ቶሎ ቢጠቀምበት ይመረጣል።

ደረጃ 7፦ ትኬቱን የከፈለው ድርጅት ከሆነ

ማይል የሚገባው በመንገደኛው ስም ነው፤ የማን ሀብት እንደሆነ ግን የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ይወስናል። በጀርመን የበርሊን የኢኮኖሚ ሴናተር የነበሩት ግሬጎር ጊዚ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥልጣናቸውን የለቀቁት፣ የፓርላማ አባል ሳሉ በሥራ ጉዞ ያጠራቀሙትን ማይል ለግል ጉዞ መጠቀማቸው ስለተገለጠ ነበር። አሜሪካ በተቃራኒው በዲሴምበር 2001 በወጣ ሕግ የፌዴራል ሠራተኞቿ ማይሉን ለራሳቸው እንዲይዙት ፈቅዳለች። እርስዎም የጉዞ መመሪያውን ይጠይቁ፤ የተጻፈ ነገር ከሌለ የአለቃዎን ቃል በኢሜይል ያስቀምጡ።

ድርጅቱ የራስዎ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ የሚጠቀሙበት መንገድ አለ። ኤምሬትስ ቢዝነስ ሪዋርድስ እና የኳታር ቢዮንድ ቢዝነስ ለድርጅቱ ነጥብ ሲሰጡ የተጓዡን የግል ማይል አይቀንሱበትም። የቱርክ አየር መንገድም ለድርጅቶች ኮርፖሬት ክለብ የሚባል አለው፤ ጥቅሙም ወደ ትኬት ሁኔታዎችና ወደ ሻንጣ ያደላል። ሦስትና አራት ሠራተኛ የሚልክ አስመጪ ድርጅት በንጽጽሩ ውስጥ ይህን አንድ ዓምድ አድርጎ ይጨምረው።

የእኛ ስም ጣጣ

ሁሉን አስልተው ጨርሰው ማይሉ የማይገባበት ትልቁ ምክንያት ስም ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተጽፎ፣ የማይል አካውንቱ በአባት ስም ተከፍቶ ይገኛል። ወይም «ፀሐይ» በአንዱ ላይ በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ተጀምሮ ይጻፋል። ሲስተሙ አማርኛ አያውቅም፤ ፊደሎቹ ካልተመሳሰሉ ሌላ ሰው ነው ብሎ ይመልሰዋል። አካውንት ሲከፍቱ ፓስፖርቱን ከፊትዎ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ፓስፖርት ሲታደስ አጻጻፉ ከተለወጠ፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የአካውንቱን ስም ያስቀይሩ።

የአባልነት ቁጥሩን ወኪሉ ትኬቱን ሲይዝ እንዲያስገባው ይንገሩት፤ ቼክ-ኢን ካውንተር ላይም ቦርዲንግ ፓሱ ላይ መታተሙን ይዩ። አንድ በረራ የሚገባው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ለሁለት ማስቆጠር አይቻልም። ቦርዲንግ ፓሱን ማይሉ አካውንትዎ ውስጥ እስኪታይ ድረስ አይጣሉት፤ ፎቶውም ይበቃል። ሳይገባ ከቀረ ከድረ ገጹ የጎደለ ማይል መጠየቂያ ቅጽ ይሞላሉ። መጠየቂያው የጊዜ ገደብ ስላለው፣ በየወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብዎን ሲያዩ የማይል አካውንትዎንም አብረው ይክፈቱ።

ውሳኔው ላይ

አሁን በወረቀትዎ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሦስት የዶላር ቁጥር አለዎት፦ በዓመት የሚያገኙት ማይል በአንዱ ማይል ዋጋ ተባዝቶ፣ የሚደርሱበት ደረጃ የሚያድንልዎት የኪሎና የላውንጅ ገንዘብ፣ ለድርጅትዎ የሚገባው ነጥብ። ይደምሯቸው፤ ደረጃው ላይ ለመድረስ የጨመሩትን የትኬት ዋጋ ይቀንሱ። ሁለት ፕሮግራሞች ቢቀራረቡ እኔ የምመርጠው ያለ ብዙ ጥረት ጎልድ የሚያደርሰኝን ነው፤ ማይል በአንድ ማስታወቂያ ሊረክስ ይችላል፣ ሃያ ኪሎ ግን ሃያ ኪሎ ነው። ጎልድ የማይደርሱ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ማይሉ የማያልቅበትን ይያዙና ትኬት ሲገዙ ዋጋና ሰዓት ብቻ ይዩ።

ሌላ አየር መንገድ ላይ ደረጃ ካለዎት የመረጡት ፕሮግራም ያንን ዓይቶ እኩያ ደረጃ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ለጥቂት ወራት በሙከራ ይሰጣሉ። ጥያቄውን ብዙ ከሚበርሩበት ወቅት ትንሽ ቀደም ብለው ያቅርቡ። ወረቀቱን ደግሞ በዓመት አንዴ ያድሱት፤ የሚበርሩበት መንገድ ወይም የፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ሲለወጥ ግን ዓመት አይጠብቁ።